ተረከዝ

ባሕሩ ከሁሱም ሸሽቶ፣ ጭቃውን ለወፍ አስጥቶ፣
ነፋሱ ግን የትም ሳይሄድ፣ በየበሩ ሽንቁር ገብቶ፣
መፍቻዬን ተሸክሜ ደረስኩ ከደትሌፍሰን ደጅ።
ከፖም ዛፉ ሥር ቆማለች፣ የስልሳ ስምንት ካራቫኑ፣
ጎማዋ ተንፍሶ፣ እሱ የሚያቆላምጣት እንደ ልጅ።

«ቲሩቨርክ!» ብሎ ጠራኝ።
ጥሩወርቅ ነው ስሜ። «ጥ» በጥርሱ መሃል ሾለከች፣
ወርቁም ቀልጦ «ቨርክ» ሆነ፤
በነሱ አፍ ፋብሪካ ማለት ነው።
ተውኩት። ማሞቂያ ለምትጠግን ሴት
ከወርቅ ፋብሪካ ይሻላት ይሆናል፤
ብርድ እንደሆን ቅኔ አያውቅ።

«አርባ ክረምት አሙቃናለች» አለ ምድጃውን እያሻሸ፣
«እምቢ ስትል መድኃኒቷ ይሄ ነው» ብሎ
በቀኝ ተረከዙ ጎኗን መታ።
ከውስጥ እሳቱ ቡፍ አለ።
ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ የሚከፍለኝ እሱ ነዋ።

«ታዲያ ለምን ይነቀል?»
«ቪብከ ናት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
ሚስቱ ባሻገር በወጥ ቤቱ መስኮት ድንች ትልጣለች።
«ገና አንድ ሌሊት ሳናድር ራሴን ትላለች፣
መስኮት ትከፍታለች፣ እዘጋለሁ፣ ትከፍታለች፣
ስንት ፋሲካ በነገር አለቀ!
ዘንድሮ ጭራሽ አልገባም አለች።
አዲስ ገዝቼ፣ ቀጥሎ የምታመጣውን ሰበብ ልየው ብዬ ነው።»

ጋዙን ዘጋሁ። ቱቦው ላይ የታተመው ቀን
ልጄ ሳትወለድ ያለፈበት ነው።
ሦስቱ ብሎን እየተነጫነጩም ቢሆን ወጡ፤
አራተኛው ዝጎ፣ ከግድግዳው ጋር ሥጋና ደም ሆኖ፣
በዘይት ብለምነው አልሰማ፣ በመዶሻ ብቆጣው አልሰማ፤
በመጋዝ አንገቱን ቀላሁት።
ጭስ ማውጫው ውስጥ የወፍ ጎጆ ነበር የጠበቅሁት።
ንጹሕ ነው።
ጥላሸቱ ያለው በዚህ ወገን፣ በአልጋው በኩል፣
ቀጭን፣ እንደ ተኳለ ዓይን።

እንደ ሰከረ አጎት አቅፌ፣ እየተንገዳገድኩ አወጣሁት፤
ሣሩ ላይ በጎኑ አስተኝቼ ባትሪ አበራሁበት።
ስንጥቅ።
ከፀጉር ብትሰፋ ነው።
በጣቴ ወደ ኋላ ተከተልኳት፣ እስከ መነሻዋ፣
ብረቱ እስከጎደጎደበት፣ ቀለሙ ተልጦ እስካበራበት፣
የአንድ ተረከዝ ልክ።

«አንተ በየት በኩል ትተኛለህ?»
«በበሩ።»
«እሷስ?»
በአገጩ አሳየኝ። ምድጃው የነበረበት ባዶ ጎን።
«ይሄ ጋዝ» አልኩት፣ «አይታይም፣ አይሸትም፤
መጀመሪያ ራስ ያማል።
መስኮት ያስከፍታል።»

አልመለሰልኝም። ጫማውን አየ፤
ያንኑ የቀኙን፣ የሰው ጫማ የሆነ ይመስል።
ከዚያ ወደ ቤቱ ሄደ።
በመስታወቱ ውስጥ አየኋቸው፦ ቆቡን በእጁ ይዞ ያወራል፣
የእሷ ቢላዋ ድንቹ ላይ ቆሟል።
የተባባሉት አልተሰማኝም፤
ነፋሱ ለራሱ ወሰደው።

አዲሱ ያንሳል። የአሮጌው ቀዳዳ ሰፍቶት፣
በዙሪያው ቆርቆሮ ቆርጬ ሞላሁ።
መገጣጠሚያውን በሳሙና አረፋ ቀባሁ፤
ጎንበስ ብዬ ጠበቅሁ፤ አንድም አረፋ አልተነፋ።
ሲመሽ ቪብከ መጣች፣ እጇ ከድንቹ ውሃ ሳይደርቅ፣
አንድ እግሯን አስገብታ፣ ሌላውን ደጅ አቆይታ፤
በኋላ ገባች።

ቁልፉን አዞርኩ። ጠቅ።
የሽማግሌው እግር ከወለሉ ብድግ አለ፤
አየር ላይ ትንሽ ቆየና
ሌባ እንደሚራመድ ቀስ ብሎ ወረደ።
እሳቱ ሳይመቱት ነደደ።

መፍቻዬን ስሰበስብ ማንም አልተናገረ።
እሷ ኮቷን እንደለበሰች፣ ሙቀቱን ሳታምነው ተቀምጣለች።
ሂሳቡን በፖስታ እልካለሁ ብዬ ስወጣ
እሱ ከመቀመጫው ተነሣ፣
በባዶው ጎን፣ በእሷ በኩል፣
መስኮቱን በጣት ወርድ ከፈተላት።